የመጀመሪያው ውሃ

«ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው? መኪና የተጠረገበት ነው ወይስ ሰው የሚተኛበት?» አሉ ጡረተኛው ሹፌር፣ ጆጋቸውን ቧንቧው ስር እንደደገኑ። በረኪና ገና ፊቷን አልታጠበችም። የክፍሏ ደፍ ላይ ቆማ ስታዛጋ ነበርና፣ እሳቸው በአገጫቸው የጠቆሙትን ለማየት ዞር አለች። ግቢው መሀል፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ፣ አንድ ትልቅ አንሶላ ተሰጥቷል። ቀይ ነው። ቀይ ሲባል ደግሞ ወግ ባለው ቀለም የተነከረ ቀይ አይደለም፤ ጭቃ ጠጥቶ የደረቀ፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ ነፋስ ነካ ባደረገው ቁጥር አቧራ የሚያራግፍ ቀይ። «የማንም ይሁን የማን፣ ባለቤቷን ሴት ናት ብሎ የሚያገባ የለም» አሉ ሹፌሩ፣ በራሳቸው ቀልድ እየሳቁ። በረኪናም አብራቸው ልትስቅ አፏን ከፈት አድርጋ ነበር። ያን ጊዜ የአንሶላውን ዳር አየች። ዳር ዳሩን ዳንቴል ዞሮታል። አንደኛው ጥግ ላይ የዳንቴሉ ክር ከሌላው ወፈር ይላል፤ ክር አልቆባት በተገኘው የጨረሰችው ሰው እጅ ነው። የእናቷ እጅ። በረኪና አፏን ዘጋች።

በረኪና የወጣላት ስም ነው። ዋናው መንገድ ላይ ካለው ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ሆና ስትሠራ ጸጉሯ ሸብቷል። የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ኮሌታው ላይ የቀረች ነጥብ ካየች ካውያውን አስቀምጣ፣ አጣቢዎቹን አልፋ፣ ራሷ ሄዳ ትፈትጋለች። አጣቢዎቹ ይህን ስለማይወዱላት ስሙን እነሱ አወጡላት፤ ስሙም ተከትሏት ግቢዋ ገባ። እሷ አልከፋትም። ከዚህ የባሰ ስም ታውቃለች። ከተማው በልጅነቷ ለሥራ ስትመጣ፣ መጀመሪያ የተቀጠረችበት ቤት እመቤት ወንበር ላይ ከመቀመጧ በፊት ጋዜጣ አንጥፋላት ነበር። «ከጡብ ፋብሪካው ሰፈር ነሽ አይደል? አይዞሽ፣ ክፋት የለኝም፤ ወንበሩን ብዬ ነው» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ አገርሽ የት ነው ያላት ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ከዚሁ ነኝ» ትላለች። ክርክር የለም።

ያ አገሯ ከጡብ ፋብሪካ በቀር ምንም የሌለው ከተማ ነበር። አቧራው ዳቦ ውስጥ ይገባል፣ ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ የሕፃን ሽፋሽፍት ላይ ይቀመጣል። ሰው ሲያለቅስ እንባው ቀይ መስመር ሠርቶ ይወርዳል፤ ማን እንዳለቀሰ ተደብቆ አይቀርም። እናቷ ከዚያ አቧራ ጋር ዕድሜዋን ሙሉ ተናንቃ ነው የሞተችው። እቶኖቹ ሳይከፈቱ ገና በማለዳ ታጥባለች፤ ነፋሱ ሳይነሳ ልብሱን ለማስገባት ትሮጣለች፤ ተሸንፋ ታድራለች፤ በማግስቱ ደግሞ እንደ አዲስ። እሷ ያጠበችው አንሶላ ነጭ ነው ተብሎ በሰፈሩ ይወራላት ነበር፤ ሌላ የሚወራላት ነገርም አልነበረም።

ከዚያ ቤት የተረፈው ይኸው አንሶላና አንዲት ልጅ ነው። ልጅቱ የበረኪና የሟች እህቷ ልጅ ናት። አያቷ እስክትሞት እዚያ አድጋ፣ ትምህርት ቤት የምትገባበት ዕድሜ ላይ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች፤ አንሶላው ከላይ ታጥፎ ነበር። በረኪና አሳደገቻት። ስፌት ተማረች፣ ዲዛይን የሚባለውን ተማረች፣ አሁን ቀን ቀን ዩኒፎርም የሚሰፋበት ፋብሪካ እየሠራች፣ በትርፍ ጊዜዋ የራሷን ልብስ ትሠራለች። ዛሬ ከቀትር በኋላ ትርኢቷ ነው። ስለ አገር ቤት ነው አለች። በረኪና ስለ አገር ቤት ሲባል ደስ አላላትም ነበር፤ ግን ልጅቱ ቀርባ፣ «እቴቴ፣ የአያቴን አንሶላ ለመጨረሻዋ ልብስ ልጠቀምባት?» ስትላት ልቧ ቀለጠ። ያን ዳንቴል መብራት ስር ሰው ሁሉ ሲያየው ታያት። ከተጠቀለለበት ፕላስቲክ ውስጥ፣ ከነሳሙና ሽታው፣ አውጥታ ሰጠቻት። የላውንደሪውን ባለቤት ፈቃድ ጠየቀች፤ እሱም «አንቺ? ፈቃድ? የሞተ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ደነገጠ። ትናንት ማታ ልጅቱ ስትተኛ፣ «የመጨረሻዋ ውጭ እየደረቀች ነው። በጠዋት አዳራሽ እሄድና እኩለ ቀን ላይ መጥቼ እወስዳታለሁ። አደራ፣ ሰው እንዳይነካት» አለቻት። «ማን ይነካታል!» አለች በረኪና፣ ለዛሬ የምትለብሰውን ቀሚስ እየተኮሰች።

አሁን እንግዲህ ሹፌሩ ጆጋቸውን ሞልተው እስኪሄዱ ጠበቀች። ገመዱ ስር ሄዳ ቆመች። አንሶላውን በሁለት ጣት ይዛ ረገፍ ስታደርገው አቧራው አፍንጫዋ ውስጥ ገባ፤ አስነጠሳት። እናቷ ይህን ብታይ አለች በልቧ። ዕድሜ ልኳን ያራገፈችውን መልሰው አልብሰው፣ ሰው ሰብስበው፣ እዩልኝ ሊሏት። ጋዜጣ ያነጠፈችው ሴትዮ ፊት ላይ የነበረው ያ የትህትና ፈገግታ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ላይ ታያት። አደራ የተባለችው ትዝ አላላት ማለት አይደለም። ትዝ ብሏታል። ግን ሁለት አደራ ነው ያለባት፤ የመጀመሪያው፣ የእናቷ፣ ይበልጣል ብላ አንሶላውን ከገመዱ አወረደች።

ሳፋውን ቧንቧው ስር አቀረበች። መጀመሪያ በባዶ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ጭቃ የነካው ልብስ ላይ ሳሙና ከተቻኮለ ጭቃው ይጣበቃል። አንሶላው ውሃ ሲነካው የያዘውን ሁሉ ለቀቀ። ተገረመች፤ እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ነገር ለምን ተለፍቶበታል? ሳፋው የደም ባሕር መሰለ። እንደ ልማዷ፣ ይህን የመጀመሪያውን ውሃ አልደፋችውም። አገር ቤት ውሃ በበርሜል የሚገዛ ነበርና፣ የመጀመሪያው እጣቢ ግቢ ይረጭበታል፤ አቧራውን ያስተኛል። አቧራውን በአቧራ ውሃ ማስተኛት ማለት ነው፤ ሌላ ምን ያደርጉ? እዚህ ቧንቧ አለ፤ እሷ ግን እጇ አልታዘዝ ብሏት እስከዛሬ የመጀመሪያውን ውሃ በባለ ክዳኑ ባልዲ እየሞላች የጋራው ሽንት ቤት በር ላይ ታስቀምጣለች። የገባ ሁሉ ሲወጣ ከሱ ይደፋል። ጎረቤቶቿ ስስታም ይሏታል፤ ውሃው ሲጎድል ግን «በረኪና ዛሬ አታጥቢም?» ይላሉ። ባልዲውን እዚያው ወስዳ አስቀመጠች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ወደ ሳሙናው ተመለሰች። ፈተገች፣ አለቀለቀች፣ ደግማ ፈተገች። የኋለኛው ውሃ ጥርት ሲል ሰማይ ታየበት። ዳንቴሉ ብቻ ትንሽ ቀላ እንዳለ ቀረ፤ እውነተኛውን በረኪና ልታፈስበት አስባ፣ ክሩን እንዳይበላው ፈርታ ተወችው። ገመዱ ላይ ስትሰጣው ጀርባዋን ይዛ ቀና አለችና እፎይ አለች። ሹፌሩ በበራቸው ብቅ ብለው፣ «አሃ፣ አንሶላ ነው ለካ!» አሉ። ያን ቀን የሚያስፈልጋት ቃል እሱ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ልጅቱ በሩጫ ገብታ፣ በነጩ አንሶላ ስር ጎንበስ ብላ አልፋ፣ ገመዱን ከዳር ዳር አይታ፣ በሩ ላይ ደረሰች። አልለየችውም።

«እቴቴ፣ የት አስገባሻት?»

በረኪና በአገጯ ወደ ኋላዋ ጠቆመች። ልጅቱ ዞረች። አንሶላውን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ ደፉ ላይ ተቀመጠች። በረኪና ለጩኸት ተዘጋጅታ ነበር፤ ለጩኸት የሚሆን መልስ ከጠዋት ጀምራ አዘጋጅታለች። ለዝምታ ግን ያዘጋጀችው የለም።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለች በመጨረሻ ራሷ። «ጋሼ ሹፌር መኪና የተጠረገበት ነው ወይ አሉኝ እኮ። የእናቴን አንሶላ! ሰው ፊት እንደዚያ ሆና አትቆምም።»

«አፈሩን ለማግኘት ስንት ሰው እንደለመንኩ ብታውቂ» አለች ልጅቱ፣ አንሶላውን እንጂ እሷን ሳታይ። «ፋብሪካው ፈርሷል። እቶኖቹን ንደው መጋዘን ሠርተውበታል። የድሮው ዘበኛ ናቸው ከፈረሰው ግድግዳ ላይ ፍቀው በወተት ቆርቆሮ የላኩልኝ። የሌሎቹ ልብሶች የዚሁ የከተማ ጭቃ ነው፤ ያንን ሁሉ እሷ ላይ ጨረስኩት። ማጣበቂያ እንኳ አልነካሁበትም፤ የለበሰችው ስትራመድ ከኋላዋ እንዲራገፍ ነበር። ሌላ የለም፣ እቴቴ። አለቀ።»

«ፈርሷል? መቼ?»

«አምና።»

«እንዴት ሰው አይነግረኝም?»

«ማን ይንገርሽ? ከዚሁ ነኝ እያልሽ።»

ይቺ ቃል በረኪናን መሀል አናቷ ላይ መታቻት። ደህና ሰው ሲመታ ዝም ይላል፤ ግትር ሰው ሲመታ መልሶ ይመታል። «ቢፈርስ እሰይ! አቧራ ነው እኮ የምታለቅሺለት። እናቴን የጨረሳት አቧራ!»

«ጠዋት ጠዋት አንሶላዎቹ መሀል እገባ ነበር» አለች ልጅቱ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ፀሐይ በወዲያ በኩል ስትወጣ ሁሉም ነገር ቀይ ይሆናል። የአያቴ ጥላ በአንሶላው ላይ ይታየኛል፤ እጇ ከፍ ዝቅ ሲል። ፊቷን አላስታውስም፣ እቴቴ። ፎቶ የላትም። ያቺ ጥላ ብቻ ናት ያለችኝ። እሷን ነበር የሠራሁት።»

በረኪና እዚህ ላይ ዝም ብትል ጥሩ ነበር። «ከጥላዋ ሳሙናዋን ብታስታውሺ ይሻል ነበር» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ቀፈፋት፤ መመለስ ግን ልማዷ አይደለም። ልጅቱ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «እሺ። ያለ እሷ እጨርሳለሁ። ማታ ጓደኛዬ ጋ ነው የማድረው። ምናልባት ከዚያም በኋላ እዚያው እሆን ይሆናል፤ ክፍል አላት።» በአንሶላው ስር እንደገና ጎንበስ ብላ ሄደች። መኪናው ሲነሳ ተሰማ።

ክፍሉ አንድ ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የልጅቱ የስፌት መኪና፣ መሀል ላይ አንድ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍበት ቦታ። በረኪና አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። በልጅቱ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ የጨርቅ ሙከራዎች በስፒል ተሰክተዋል። ሁልጊዜ እዚያ ናቸው፤ እሷ ግን አቧራቸውን ስታራግፍ እንጂ አይታቸው አታውቅም ነበር። አንዱ ጨርቅ በአቼቶ ተነክሮ የዛገ ምስማር ተጠቅልሎበት ስለከረመ፣ የምስማሩ መልክ ቡናማ ሆኖ ቀርቶበታል፤ አደራደሩ የእናቷ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ የዝናብ ውሃ ያስገባ የነበረው ቦታ ሳይቀር። ሌላው ከሲሚንቶ ከረጢት ክር ተፈትሎ የተሸመነ ነው፤ የእናቷ ቤት የመስኮት መጋረጃ ከረጢት ነበር። ልጅቱ ያን ጊዜ ስንት ዓመቷ ነው? ይህን ሁሉ የት አስቀምጣው ኖረች? አንድ ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ለአልጋ ተኝተው፣ ስለዚያ ቤት አንድ ቀን እንኳ አውርተው አያውቁም። ትንሽ ሳለች ስትጠይቅ በረኪና፣ «አሁን እዚህ ነው ያለነው፣ ተኚ» ትላት ነበር። ልጅ ደግሞ ተኚ ሲባል ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ ሁልጊዜ አይተኛም።

ጠረጴዛው ላይ የወተት ቆርቆሮው ተቀምጧል። ከፈተችው። ባዶ ነው። መዳፏ ላይ ገልብጣ መታ መታ አደረገችው፤ ምንም አልወጣም። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አፍንጫዋን አስገባች። ዝናብ ያረፈበት ትኩስ ጡብ ሸተታት። የእናቷ አንገት ሸተታት። በረኪና ቆርቆሮውን ፊቷ ላይ እንደደፋች ቀረች። ያንን ቦታ መጥላት ትችል የነበረው፣ ለካ እዚያው የትም የማይሄድ መስሏት ነው። ሰው የሚሸሸው ነገር ከኋላው ካልቆመለት ምኑን ይሸሻል?

«አንቺ በረኪና!» የሹፌሩ ድምፅ ከሽንት ቤቱ በኩል መጣ። «ዛሬ ደግሞ ባልዲው ውስጥ ምን አረድሽበት?»

እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። በነጠላ ጫማዋ እየተደናቀፈች ስትደርስ ሹፌሩ ባልዲውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው ሱሪያቸውን እየሰበሰቡ ብቅ አሉ።

«ያስቀምጡት! ጋሼ፣ ያስቀምጡት ብያለሁ!»

«ምነው፣ ትንሽ ነው የደፋሁት፤ ምን ሆንሽ?»

«ታቹን ነኩት?»

«እኔ የባልዲ ታች ነክቼ አላውቅም፣ ሴትዮ» አሉ ተቆጥተው። ተቀበለቻቸው። ውሃው ወደ ግማሽ ወርዷል፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ስለነበር ከላይ ጠርቷል። እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። ታቹ ላይ፣ ለስልሶና ወፍሮ፣ እንደ ቅቤ ያለ ቀይ ዝቃጭ ተኝቷል።

የተኮሰችውን ቀሚስ ለበሰች፣ የደረቀውን አንሶላ አጥፋ በፕላስቲክ ከረጢት ከተተች፣ የባልዲውን ክዳን በገመድ አሰረችና መንገድ ወጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ባልዲውን ጉልበቷ መሀል አቅፋ ተቀመጠች። ረዳቱ ለባልዲውም ትከፍያለሽ አላት። «ለሱ ወንበር ስጠውና እከፍላለሁ» አለችው፤ ተሳፋሪው ሳቀ፣ ረዳቱም ተወ። መንገዱ ጉድጓድ በበዛበት ቁጥር ውሃው ከክዳኑ ስር ፈንጠቅ ይላል። አጠገቧ ያለችው ሴት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ «እባክሽ ምንድነው የያዝሽው?» አለቻት። «ቀለም ነው» አለች በረኪና። ይህቺም ያው የለመደችው አይነት መልስ ናት።

አዳራሹ ትልቅ የመስተዋት በር አለው። ዘበኛው እሷን አይቶ፣ ባልዲውን አይቶ፣ «ጽዳቶች በጓሮ ነው እናቴ» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ቃል ከተማውን ታነቃንቀው ነበር። ዛሬ ግን ወረቀት ጠይቆ ቢያቆማት የምታሳየው የላትም፤ የመግቢያው ካርድ ልጅቱ ቦርሳ ውስጥ ነው። «እሺ፣ ጽዳት ነኝ። ጓሮው በየት ነው?» አለችው። ራሱ መርቶ አደረሳት። እንዲያውም ባልዲውን አገዛት።

የኋላው ክፍል የጸጉር ማድረቂያ ጩኸትና የሽቶ ጢስ ነው። ረጃጅም ልጃገረዶች ግማሽ ለብሰው ይተራመሳሉ። አንዷ የለበሰችው ካፖርት በጭቃ ደርቆ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ይሰነጠቃል፤ ሌላዋ ያንን የዛገ ጣሪያ ለብሳለች። ልጅቱ መሀላቸው ተንበርክካ፣ ስፒል በአፏ ይዛ፣ የአንዷን ጠርዝ ትሰካለች። ቀና ስትል እቴቴዋን ከነባልዲዋ አየቻት። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«ታቹ አለ» አለች በረኪና፣ ገመዱን በጥርሷ እየፈታች። «የመጀመሪያውን ውሃ አልደፋሁትም። እኔ መቼ ደፍቼ አውቃለሁ? ዝቃጩ አለ፣ እይው።» ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ከታች አስገብታ፣ መዳፏን ሞልታ አወጣችው። ጭቃው በጣቶቿ መሀል ወረደ። «እንንከረው። እኔ እነክረዋለሁ።»

ልጅቱ ጭቃውን አየች፣ ሰዓቷን አየች። «አይደርቅም፣ እቴቴ። አሁን ልንጀምር ነው። እርጥብ ሆኖ የምትለብሰዋ ልጅ ላይ ይጣበቃል።»

በረኪና እጇን አንጠልጥላ ቀረች። ይህን አላሰበችም። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ያደረቀች ሰው መድረቁን ረሳችው። ልጅቱ ግን ከረጢቱን አንስታ አንሶላውን አወጣች፤ ዘረጋችው፤ ዳንቴሉን በጣቷ ዳሰሰችው። «ነጭ ስትሆን እንዲህ ናት ለካ» አለች። «አያቴ ራሷ እንኳ እንዲህ አይታት የምታውቅ አይመስለኝም። እንደዚሁ ትውጣ።»

«አቧራሽስ?»

«ተዪው። እነዚያኞቹ በቂ አቧራ አላቸው። የእሷ ድካም ደግሞ ይታይ።» ከዚያ ፊቷን ኮስተር አደረገች። «ግን ተጨማዷል። ካውያው የት አለ? ማነው ካውያ የያዘ?» የሚሰማት የለም፤ ካውያ ከከተማው የጠፋ ይመስል የት እንደገባ ማንም አያውቅም።

የተጨማደደ ጨርቅ ፊቷ ቆሞ በረኪና ዝም ልትል አትችልም። አላሰበችበትም፤ «ያዢ!» አለችና ሁለቱን ጥግ ጨበጠች። ልጅቱም ሁለቱን ጥግ ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። ምን እንደሚደረግ መናገር አላስፈለገም። ካውያ በሌለበት ቤት አንሶላ በሁለት ሴት ነው የሚተኮሰው። ሰውነታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቡት፤ ለቀቅ አደረጉት፤ በቀኝ ጥግ፣ በግራ ጥግ ሰያፍ ሳቡት፤ ከዚያ ሁለቱም እኩል አንስተው ቸብ! አደረጉት። አንሶላው እንደ ከበሮ ጮኸ። ልጃገረዶቹ ዞር አሉ። አሁንም ቸብ! በረኪና የእናቷን ጎተት አደራረግ ከወዲያኛው ጫፍ በእጇ ሰማችው፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ነጠቅ አለችው፣ እናቷ ብቻ የምታደርጋት። ልጅቱን ማን አስተማራት? ሌላ ማን ያስተምራታል።

ቀና ብላ ያየችው ያኔ ነው። በያዘችው ሁለት ጥግ ላይ የእጇ ጭቃ፣ አምስቱም ጣት ሳይጎድል፣ ቀይ ሆኖ ታትሟል።

«ወይኔ! እጄ!» ጮኸች። «ውሃ! ውሃ የት አለ? ሳይደርቅ ላስለቅቀው፤ አንዴ ብቻ…»

«እቴቴ።»

«አንዴ ብቻ፣ በቀዝቃዛ…»

«እቴቴ፣ እንዳትነኪው።» ልጅቱ የያዘችውን ጥግ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ባልዲው ላይ ጎንበስ አለችና ሁለት እጇን እስከ አንጓዋ ነከረች። አወጣቻቸው፣ ውሃው እስኪንጠባጠብ አራገፈቻቸው፣ ወደ ቦታዋ ተመለሰችና የራሷን ሁለት ጥግ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። «አሁን ሳቢ» አለች።

በረኪናን መጨረሻ ላይ ካለው ወንበር አስቀመጧት። መብራቱ ጠፋ፣ ሙዚቃው ተጀመረ። ልብሶቹ አንድ በአንድ አለፉ። የጭቃው ካፖርት እየተሰነጠቀ መድረኩ ላይ ፍርፋሪውን ጥሎ ሄደ፤ ከረጢቱ እየተንኮሻኮሸ አለፈ። በድምፅ ማጉያው የሚነገረውን ግማሹን አልገባትም፤ ልብሶቹ ግን ገቧት። እያንዳንዳቸው የምታውቀው የቤት ጥግ ናቸው። በመጨረሻ አንዲት ጥቁር ረጅም ልጅ አንሶላውን ብቻ፣ ሳይቆረጥ ሳይሰፋ፣ ትከሻዋ ላይ በአንድ ስፒል ተይዞ ለብሳ ወጣች። ነጭ ነው። ከሌላው ሁሉ በኋላ ሲመጣ ዓይን ይወጋል። አራቱ ጥጎች በትከሻዋና በጉልበቷ በኩል ወርደዋል፤ በየጥጋቸው ላይ ቀይ እጅ አለ፤ ከአራት በኩል ይዘው የሚስቧት ይመስላል። በረኪና ያ የትህትና ፈገግታ ካለ ብላ የሰዎቹን ፊት ቃኘች። ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ብዙ ሰው።

አጠገቧ ጥሩ ኮት የለበሰች ሴትዮ ተቀምጣለች። ወደ በረኪና ዘንበል ብላ፣ «ያምራል እኮ! እጁን በምን አትመውት ይሆን? የምን ቀለም ነው?» አለቻት።

በረኪና እጇን ቦርሳዋ ስር ደብቃው ነበር፤ ጭቃው ደርቆ ይስባታል። መድረኩን አየች። ልጅቱ ከመጋረጃው ወጥታ ለሰው እጅ እየነሳች ነው፤ የእሷም እጅ እንደቀላ ነው፣ አልደበቀችውም። በረኪና እጇን ከቦርሳው ስር አወጣችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ቀለም አይደለም» አለች። «አቧራ ነው። ያገራችን አቧራ።»

«እንዴ፣ አገራችሁ የት ነው?»

የከተማውን ስም ተናገረች። ከአፏ ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነበርና፣ ሲወጣ ያገሬው ሰው የሚለውን አባባል ይዞ፣ መሀሉ ላይ ረገጥ ተደርጎ ወጣ። ሴትዮዋ አታውቀውም ነበር። ምንም አይደለም።

ማምሻውን በሚኒባስ ሲመለሱ ልጅቱ አንሶላውን፣ በረኪና ባልዲውን አቅፈው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰፈራቸው ሊደርሱ ሲሉ በረኪና መስኮቱን እያየች፣ «ጓደኛሽ ጋ ነኝ አላልሽም?» አለች።

«ባልዲውን ማን ያግዝሽ ታዲያ?» አለች ልጅቱ፣ እሷም መስኮቱን እያየች።

ሹፌሩ እንደ ጠዋቱ ቧንቧው ስር ናቸው። ባልዲውን ሲያዩ፣ «ተመስገን፣ መለስሽው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። በረኪና አልፋቸው ሄደች። «ዛሬ ከቧንቧው ይቅዱ፣ ጋሼ» አለቻቸው።

«እጅሽ ምን ሆኗል አንቺ? ነይ ታጠቢ፣ ውሃው መጥቷል!»

«አይቻለሁ» አለች። በሩን በክርኗ ገፍታ፣ እንደቀላች ገባች።